ሳሉ በምን ዳነ?

ፈርዶሳ ናት። ሌላ ማን ይሆናል? የመድኃኒቱን ሣጥን የምትከፍተው እሷ፣ የምትዘጋው እሷ፣ ጠዋት ጠዋት አንዷን ኪኒን በማንኪያ አድርጋ ከውሃ ጋር ለእናቱ የምታቀርበው እሷ። ዐብዱሰመድ በጀርባው ተንጋሎ ጣራ ጣራ እያየ ይህንን ለስንተኛ ጊዜ እንዳለው እንጃ፤ ሲለው ልክ ይመስለዋል፣ ትንሽ ቆይቶ ያፍራል፣ ካፈረ በኋላ መልሶ ይለዋል። ከሥራ የገባው በአንድ ሰዓት ነው። ሌሊቱን ሙሉ በዓሣ ፋብሪካው ሲቆርጥና ሲያጥብ አድሮ፣ ገላውን ታጥቦ፣ እጁን ሦስት ጊዜ በሎሚ ፈትጎ፣ ዓሣው አሁንም ከጥፍሩ ሥር ይሸተዋል። በዚህች በሰሜን ኖርዌይ ጫፍ ባለች ከተማ በሰኔ ፀሐይ አትጠልቅም፤ ቀኑም ሌሊቱም ያው ብርሃን ነውና መስኮቱን በጥቁር ላስቲክ ለጥፎ፣ የራሱን ጨለማ ሠርቶ መተኛት ለምዷል። አሁን ግን እንቅልፍ ከሸሸው ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሐረር ሁለት ሰዓት አልፏል። እናቱ ሐኪም ቤት ተኝታለች፣ ግፊቷ ሰማንያ በሃምሳ ነው፣ ለምን እንደወረደ የሚያውቅ ሰው የለም፣ በዚሁ ከቀጠለ ኩላሊቷ እንደሚቆም ሐኪሙ ተናግሯል።

ሰኞ ጠዋት ነው የወደቀችው። ለሱብሒ ሰላት ልትነሣ ከነደባው፣ ከመደቡ፣ ወረደች፣ ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ ደረሰች፣ ውዱእ ልታደርግ እጅጌዋን ሰበሰበች፣ ከዚያ ፈርዶሳ ጀሪካን ሲወድቅ ሰምታ ስትወጣ መሬት ላይ አገኘቻት። እንግዲህ ይህንን የነገረችው ፈርዶሳ ናት፤ ሌላ ምስክር የለም። ወንድሙ ሙባረክ ከባድ መኪናውን ይዞ ወደ ጅጅጋና ከዚያም ወዲያ ነው፣ ስልኩ አንድ ቀን ይሠራል ሁለት ቀን ይጠፋል። ቤት ውስጥ ያሉት ሁለት ሴቶች ነበሩ፣ አንዷ ወደቀች፣ አንዷ ተረከችው። ስምንት ዓመት ሙሉ የእናቱ ግፊት መቶ ሰባ፣ መቶ ሰማንያ እያለ ሲያስጨንቃቸው ኖሯል፤ ጨው ቀንሺ፣ ሐሳብ ቀንሺ፣ አምሎዲፒኗን፣ የግፊቱን ኪኒን፣ አትርሺ እየተባለ በስንት ልመና ወደ መቶ ሠላሳ የወረደ ግፊት ነው። በአንድ ሳምንት ውስጥ ገደል የገባው በምን ተአምር ነው? ሰው ካልገፋው በቀር! አስተግፊሩላህ። ሰው በወንድሙ ሚስት ላይ እንዲህ ያስባል? ያስባል እንጂ፤ ይኸው እያሰበ አይደል። ቤቱን ፈልጋ ነው። ኤረር በር አካባቢ፣ በግንቡ ውስጥ፣ ነደባው በቀይ አፈር የተለቀለቀ፣ ግድግዳው ከዳር እስከ ዳር ሳሕንና ስፌት የተሰቀለበት፣ ፈረንጅ እየመጣ ፎቶ የሚያነሣው ቤት። ወይም ሁለት ሁለት ኪኒን እየሰጠች ቶሎ እንቅልፍ እንዲወስዳት አድርጋ ይሆናል፣ አሮጊት ዝም ስትል ደስ የሚላቸው አሉ። ወይም ዝም ብላ ተሳስታ ነው። ይህ የመጨረሻው ሲመጣበት ዐብዱሰመድ ቶሎ ያልፈዋል፤ ስሕተት ከሆነ የሚቆጣበት ሰው ሊያጣ ነው።

ስልኩን አነሣ። ፈርዶሳ በሁለተኛው ጥሪ አነሣች፣ ከኋላዋ የአልጋ ጎማ ሲንኳኳና ሰው ሲያስል ይሰማል።

«አሰላሙ ዐለይኩም ዐብዱ። አልተኛህም እንዴ?»

«ዛሬ ስንት ነው?»

«ሰማንያ ሁለት በሃምሳ። ሁለት ከፍ ብላለች ብላኛለች ሲስተሯ፣ አልሐምዱሊላህ።»

«ሁለት! ሁለት ምንድን ነው? የግፊቱን ኪኒን ካቋረጡላት ስንት ቀኗ ነው?»

«ሰኞ ከመጣን ጀምሮ። አንዲት ፍሬ አልነካችም። ግሉኮሱም እየገባላት ነው። መነሣት ነበረበት ይላል ሐኪሙ፣ እሱም ግራ ገብቶታል። ኢንፌክሽን ይሆን ብሎ ደሟን ላከ፣ ኢንፌክሽን የለም።»

«ፈርዶሳ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ እንዳትቆጪ። በቀን ስንት ነበር የምትሰጫት?»

ቀስ ብላ፣ ለልጅ ፊደል እንደምታስቆጥር፣ «አንድ» አለችው። «ጠዋት አንድ። ስምንት ዓመት ሙሉ ጠዋት አንድ። ትናንትም ጠይቀኸኛል፣ ከትናንት ወዲያም ጠይቀኸኛል። ፎቶ አንሺና ላኪ አልከኝ፣ ላክሁ። አቦ፣ የልብህን ተናገረውና ይውጣልህ።»

ልካለች፣ እውነት ነው። የኪኒኑ ልጣጭ ጀርባ ላይ ቀኑን በእስክሪብቶ ጽፋበታለች፤ ሐሙስ፣ ጁምዓ፣ ቅዳሜ፣ በየጉድጓዱ አንድ አንድ። ዐብዱሰመድ ፎቶውን አስፍቶ አስፍቶ አይቶታል፣ ቀለሙ አንድ ዓይነት መሆኑን እንኳ ሳይቀር። ሁሉም በቦታው ነበር። ይህ ሊያረጋጋው ሲገባ ይባስ ብሎ ከነከነው፤ እንዲህ ጥንቅቅ ብሎ የሚጽፍ ሰው አንድ ቀን እንደሚጠየቅ የሚያውቅ ሰው ነው አለ በልቡ፣ ሁለተኛ ፓኮ ገዝታ ደብቃ ከሆነስ? ሰው ተጠራጥሮ ማስረጃ ሲቀርብለት ማስረጃውንም ይጠረጥራል፣ ዐብዱሰመድም ከዚህ ዓይነቱ ሰው ነው፣ እናቱ በልጅነቱ ዳቦ ሲሰጡት እንኳ የወንድሙን ለክቶ ነው የሚጎርሰው ትል ነበር።

«ትበላለች?» አላት።

«የት ትበላለች! አፌን ብረት ብረት ይለኛል ብላ ሾርባውን መለሰችው። እንካ፣ አናግራት፣ ነቅታለች።»

የእናቱ ድምፅ ከሩቅ ነው የመጣው፣ ግማሹ ትንፋሽ ነው። የሚነጋገሩት በቤታቸው ቋንቋ ነው፣ በጌይ ሲናን፤ ሐኪም ቤት ውስጥ በሰው መሀል ስትናገረው ድምፅዋ ዝቅ ይላል። «ተኛ፣ ልጄ፣ ተኛ» አለችው። «እኔ ደኅና ነኝ። ያልከኝን እያደረግሁ ነው።» ምን እንዳላት ግልጽ ነው። ብዪ ብሏታል፣ ውሃ ጠጪ ብሏታል፣ ከቁርኣን አያተል ኩርሲን ቅሪ ብሏታል። የምትለው ይህንን ነው። ስልኩ ተዘጋ፣ እሱም ተገላበጠ፣ ከአልጋው በላይ ያለው ጎረቤት ወንበር ጎተተ፣ አንድ ነገር በአእምሮው ዳር ብልጭ ብሎ ጠፋ፤ ዓሣ በሚያጥብበት ገንዳ ውስጥ የወደቀ ቢላ ለአፍታ እንደሚታየው፣ እጅ ሲሰድዱለት ውሃው ይደፈርሳል። ብረት። ብረት ምን?

ተነሣ። እዚህ አገር ለሁሉ ነገር የሚደወልበት ቁጥር አለ፣ ለዚህም ይኖራል ብሎ የሕክምና ምክር የሚሰጠውን መስመር ደወለ። ሃያ ደቂቃ ሙዚቃ ሰማ። ከዚያ አንዲት ሴት መጣችና የበሽተኛዋን የአሥራ አንድ አሃዝ መለያ ቁጥር ጠየቀችው። የላትም አላት። ሁሉም ሰው አለው አለችው። እናቴ ያለችው ሐረር ነው፣ ኢትዮጵያ፣ አላት በተሰባበረ ኖርዌይኛ። ሴትዮዋ ደግ ናት፣ በጣም ደግ፣ አዝናለሁ አለችው፣ እኛ ማማከር የምንችለው እዚህ ያለውን ሰው ብቻ ነው፣ አንተ ራስህስ እንዴት ነህ፣ ትተኛለህ ወይ? እንቅልፍ ካጣህ ስንት ቀን ሆነህ? ዐብዱሰመድ ዘጋባት። ለምን ስለ እንቅልፉ እንደጠየቀችው ደግሞ ማሰብ ጀመረ፤ የት ይጽፉት ይሆን? ባለፈው ኅዳር ሆዱን ታሞ ሲሄድ የነገራቸውን ሁሉ ጽፈውታል። እዚህ አንዲት የማይረባ ኪኒን ለመግዛት እንኳ ተራ ቁጥር ቆርጦ፣ መታወቂያ አሳይቶ፣ ለምን እንደሚወስደው፣ ከምን ጋር እንደሚወስደው፣ እንዴት እንደሚወስደው ተጠይቆ ነው። ሐረር እንዲህ አይደለም። ሐረር ጋሽ ለገሠ አለ።

ለገሠ! እንዴት እስካሁን አልመጣበትም? ፈላና በር አጠገብ ያለው ፋርማሲ፣ የእናቱን ኪኒን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚሸጥላት ሰውዬ። መድኃኒቱ ሐሰተኛ ሆኖ ይሆናል። ጊዜው አልፎበት ይሆናል፣ ሌላ ነገር አምሎዲፒን በሚል ፓኮ ገብቶ ይሆናል፣ ስንት ነገር ይወራል። ፈርዶሳ ለጊዜው ከወንጀሏ ነጻ ወጣች፣ ለገሠ በቦታዋ ገባ። ዐብዱሰመድ ልጅ ሆኖ ወላሂ ስንት ጊዜ ወደዚያ ፋርማሲ ተልኳል! ለገሠ አያቶቹ ሐረርን ከያዘው ከራስ ጦር ጋር የመጡ የከተማው ክርስቲያን ነው፣ ነገር ግን የጌይ ሲናኑን ከሐረሪ ልጅ እኩል ይናገራል፣ በረመዳን ፋርማሲው ውስጥ ውሃ አይጠጣም፤ እናቱ ለዚህ ታከብረዋለች። አሁን ግን አክብሮት የት ይጠቅማል። ቁጥሩን ከድሮ መልእክት ፈልጎ አገኘ።

«ጋሽ ለገሠ፣ ዐብዱሰመድ ነኝ፣ የዐዚዛ ልጅ።»

«አወቅሁህ። ማን ይደውላል ከዚያ አገር በዚህ ሰዓት! እናትህ እንዴት አደሩ?»

«አልተሻላትም። ጋሽ ለገሠ፣ በመጨረሻ የሸጡላት ኪኒን ከየት የመጣ ነው?»

ሽማግሌው ሳቀ፣ የደከመ ሳቅ። «ትናንት ፈርዶሳ መጥታ ይህንኑ ጠየቀችኝ። ዛሬ ደግሞ አንተ። እኔን መጠርጠር አልከለክልህም ልጄ፤ ከዚያው ፓኮ የወሰዱ ዐሥራ አንድ ሰዎች አሉኝ፣ አንዱ እኔ ነኝ። ቆመን እየሄድን ነው። ከፈለግህ ግን አንድ ነገር እኔም ልጠይቅህ፣ ከሰኞ ጀምሮ የሚበላኝ ነገር ነው።»

«ይጠይቁኝ።»

«ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ እናትህ እዚህ መጥተው ነበር። ደረታቸው እስኪሰነጠቅ ያስላሉ፣ አክታቸው ቢጫ ነው። አንድ ነገር ስጠኝ አሉኝ፣ ሐኪም ሳያይዎት አልሰጥም ብዬ ወደ ጤና ጣቢያ መራኋቸው። ተቀየሙኝ። ጤና ጣቢያም አልሄዱም፣ ጠይቄ አረጋግጫለሁ። ቅዳሜ ዕለት በዚሁ በር ሲያልፉ ጠራኋቸው፣ ቆመው አወሩኝ፣ አንዲት ጊዜ እንኳ አላሳሉም። አራት ቀን! እንግዲህ ንገረኝ፤ ሳሉ በምን ዳነ?»

«ማር ጠጥታ ይሆናል። ጥቁር አዝሙድ—»

«ያ ሳል በማር አይድንም። አንቲባዮቲክ ወስደዋል፣ ማንም ይስጣቸው ማን። የሚያስፈራኝ የትኛውን ነው የሚለው ነው። ስማ፣ ጉበት የግፊቱን ኪኒን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየሰባበረ ያስወጣዋል፣ ለዚህ ነው በየቀኑ አንድ የሚወሰደው። ከአንቲባዮቲኮች ውስጥ ግን የጉበትን እጅ የሚይዙ አሉ። ያን ጊዜ የትናንቱ ሳይወጣ የዛሬው ይጨመራል፣ ያለ ጥፋታቸው አንዷ ኪኒን ሁለት ሦስት ትሆናለች፣ ግፊቱም ይወድቃል። አሁንም እየወሰዱት ከሆነ ደግሞ የግፊቱ ኪኒን ቢቋረጥም ያለው ከሰውነታቸው ቶሎ አይወጣም። ሐኪሙ ጋ ይህን ስም የሚያደርስ ሰው ያስፈልጋል፤ ኤሪትሮማይሲን፣ ክላሪትሮማይሲን፣ ከእነዚህ አንዱን ቤት ውስጥ ፈልጉ።»

«ፈርዶሳ ናታ!» አለ ዐብዱሰመድ። አፉ ቀድሞት ነው የወጣው። «ከየት አምጥታ ሰጠቻት?»

«እሱን አንተ ታውቃለህ፣ እኔ የማውቀው መድኃኒቱን ነው» አለ ለገሠ፣ ቅር ባለው ድምፅ። «ብቻ ቶሎ በሉ።»

ክላሪትሮማይሲን። ስሙን ደግሞ ደግሞ አለው። ከተኛበት ተነሥቶ ወደ መታጠቢያ ቤቱ ሄደ፣ ለምን እንደሄደ አላወቀም፣ የመስታወቱን ሣጥን ከፈተ፣ ባዶ ነው፣ ባዶ መሆኑን ያውቃል፣ ባዶ ያደረገው ራሱ ነው። ኅዳር ነው፣ በረዶ እየጣለ ነው፣ ሆዱ ውስጥ ባክቴሪያ አለ ብለውታል፣ ተራ ቁጥሩን ይዞ ቆሟል፣ የፋርማሲዋ ሴትዮ ሌላ የምትወስደው መድኃኒት አለ ወይ ብላ ትጠይቀዋለች፣ የለም ይላታል፣ ለሁለት ሳምንት ትወስደዋለህ፣ ጠዋትና ማታ፣ እስኪያልቅ አታቋርጥ። ቢጫ፣ ሞላላ ኪኒን። በሁለተኛው ቀን አፉ ይመራል፣ ምግቡ ሁሉ ብረት ብረት ይላል፣ ሳንቲም የጎረሰ ይመስለዋል፣ በአራተኛው ቀን ሆዱ ተወው፣ እሱም ኪኒኑን ተወው። ሃያ ፍሬ ቀረ። ሃያ ፍሬ የአውሮፓ መድኃኒት ሰው ይጥላል? ሐረር ውስጥ ማን ይጥለዋል? ነፃነት የምትባል የሐረር ልጅ ከኦስሎ ወደ አገር ቤት እየሄደች ነበር፤ ካልሲ ውስጥ ጠቅልሎ፣ ከሻርፕና ከቅባት ጋር አድርጎ ሰጣት፣ ከእጅሽ ወደ እጇ፣ ለሌላ ሰው እንዳትሰጪ ብሎ። ምክንያቱም ከዚያ በፊት ሁለት ጠርሙስ ቫይታሚን ልኮ ነበር፤ እናቱ የአፎቻ፣ የዕድሯ፣ ሴቶች ተሰብስበው በተቀመጡበት ልጄ የላከው ነው ብላ ለእያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት ፍሬ አደለቻቸው፣ ተመራርቀው ዋጡት፣ ደስታዋ ሌላ ነበር። እሱ ግን ይህንን ሲሰማ ተናደደ፣ ከዚያም ጠረጠረ፤ ጠርሙሱ እንዲህ ቶሎ የሚያልቀው በአፎቻ ብቻ ነው? የፈርዶሳስ ዘመዶች? እና ነገራት። የምልክልሽን ለማንም አታሳዪ። በተለይ ለፈርዶሳ። አዎ፣ በተለይ ለፈርዶሳ ብሏል፤ ቃሉ ይኸው ጆሮው ውስጥ ነው።

ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ። ሮብ ዕለት፣ ባለፈው ሮብ፣ ለገሠ በከለከላት ማግስት፣ ከሥራ ገብቶ ዓይኑ እየተከደነ እያለ በፈርዶሳ ስልክ ደወለላቸው፣ እናቱ ትስላለች፣ ንግግሯ እየተቆረጠ ነው፣ እሱ ደግሞ መተኛት ይፈልጋል፣ አላህ ያውቃል መተኛት ብቻ ነበር የፈለገው፣ ፈርዶሳ ወደ ጓዳ ገብታለች ስትለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያን ቢጫውን ውሰጂ አላት። ጠዋት አንድ ማታ አንድ። ማን ሰጠሽ ቢሉሽ ዝም በይ። ለፈርዶሳ አትንገሪያት፣ ትወስድብሻለች። እናቱም እሺ አለች፣ ከዚያ ተኛ፤ ስምንት ሰዓት ሙሉ ሳይገላበጥ ተኝቷል፣ ሲነሣ ነገሩን ረስቶታል፣ ረሳሁ ነው የሚለው እንጂ ሰው እንዲህ ያለውን ይረሳል ወይስ ይተዋል? ሦስት ቀን ሙሉ በፈርዶሳ ላይ ሲፈርድ የራሱ እጅ የት ነበር? ያልከኝን እያደረግሁ ነው አለችው እኮ። ዛሬ ጠዋት አለችው። ሐኪም ቤት ተኝታ፣ ግሉኮስ ተሰክቶባት፣ ከሻሿ ቋጠሮ ኪኒን እያወጣች እየዋጠች ነው፣ ልጇ ብሏታልና። ያ ዐላህ። እንባው መጣ፣ ከእንባው በፊት ግን ፍርሃቱ መጣ፣ የፍርሃቱም ግማሽ ስለ እናቱ፣ ግማሹ ደግሞ፣ ይነገር ካልን አይቀር፣ ስለ ራሱ ነበር።

ምክንያቱም መውጫ ታየው። ማንም ሳያውቅ ይሆናል አለ ልቡ። እናቱን ብቻዋን ያናግራታል፣ ተዪው ይላታል፣ ትተወዋለች፣ ግፊቷ ይነሣል፣ አላህ አዳናት ይባላል፣ ፈርዶሳም አታውቅ፣ ለገሠም አያውቅ። ሐኪሙስ? ሐኪሙ ምን ቸገረው፣ ከዳነች በቃ። ደወለ።

«ፈርዶሳ፣ ለእማ ስጫትና አንዴ ውጪልኝ። የቤተሰብ ጉዳይ ነው።»

«እኔ ምኗ ነኝ?» አለች ፈርዶሳ። ግን ሰጠቻት። በሩ ሲዘጋ ተሰማው።

«እማ፣ ያን ቢጫ ኪኒን ተዪው። ከአሁን ጀምሮ እንዳትወስጂው። ጣዪው።»

በእናቱ በተሰባበረ ድምፅ ውስጥ ሳቅ የመሰለ ነገር መጣ። «ገብቶኛል» አለችው። «ገብቶኛል ልጄ። አጠገብህ ሆና እየሰማች ነው?»

«ማን?»

«ስልኩ የሷ አይደል? አትሥጋ። አታገኘውም። በደንብ አድርጌ ነው የያዝሁት።»

«እማ፣ የምሬን ነው! መድኃኒቱ ነው የጣለሽ። ከግፊትሽ ኪኒን ጋር አይሆንም።»

«አዎ፣ አዎ፣ ጥዬዋለሁ» አለች ጮክ ብላ፣ በሩ ድረስ በሚሰማ ድምፅ፤ ከዚያ ወደ ስልኩ ተጠግታ፣ «አንተ የላክኸው እንዴት ይጎዳኛል? ሳሌን ያዳነው እሱ አይደል? ያስለፈለፈችህ እሷ ናት፣ ዐውቃለሁ። አንተው ነህ ያስጠነቀቅከኝ።»

ዐብዱሰመድ ግንባሩን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። ስንት ዓመት በዚህ ስልክ፣ ፈርዶሳ ዘወር ስትል በሹክሹክታ፣ ሲያስተምራት የኖረው ይህንኑ ነው፤ እሺ እያሉ አለማመንን። ጥሩ ተማሪ ነበረች። አሁን እሱ ራሱ በቀን ብርሃን እውነት ቢነግራት የማትሰማው እሱ ባስተማራት ነው። እየለመነ ሁለት ጊዜ ደገመላት፣ ሁለት ጊዜ እሺ አለችው፣ ሁለቱም እሺ የውሸት ነበሩ። እና ግሉኮሱ ይንጠባጠባል፣ የማታው ኪኒን ሰዓት ይደርሳል፣ ኩላሊቷ እየደከመ ነው።

«ፈርዶሳን ጥሪያት» አላት።

«ለምን?»

«ጥሪያት እማ። ድምፁን ክፈችውና ሁለታችሁም ስሙኝ።»

በሩ ተከፈተ። ፈርዶሳ «አቤት» አለች፣ አቤቷ ውስጥ ቁጣ አለ። ዐብዱሰመድ ግንባሩን ከግድግዳው አነሣ። «ፈርዶሳ፣ እማ ሻሿ ቋጠሮ ውስጥ ይሁን ሌላ ቦታ፣ ቢጫ ኪኒን ይዛለች። ክላሪትሮማይሲን ይባላል። ከኔ የተረፈ ነው፣ እኔ ነኝ የላክሁላት፣ ካለፈው ሮብ ጀምሮ ውሰጂ ያልኋት እኔ ነኝ። ላንቺ እንዳትነግርሽ ያልኋትም እኔ ነኝ። እማ፣ ትሰሚያለሽ? ፈርዶሳን አትመኛት ያልሁሽ እኔ ነኝ። ተሳስቼ ነበር። እሷ አንድም ቀን ያጠፋችው ነገር የለም። ኪኒኑን ስጫት።»

ከአጠገባቸው ያለ አስታማሚ ይሁን ሌላ ሰው ምራቁን ሲውጥ የሰማ መሰለው። ከዚያ የጨርቅ ኮሽታ፣ ቋጠሮ ሲፈታ፣ እናቱ በቀስታ «እንቺ» ስትል። በዚያች እንቺ ውስጥ የነበረውን እፍረት ዐብዱሰመድ ችሎ ሊሰማው አልቻለም፤ ስልኩን ከጆሮው አራቀ፣ መልሶ ሲያቀርበው ፈርዶሳ ሄዳለች፣ ነጠላ ጫማዋ ኮሪደሩ ላይ ሲሮጥ ይሰማል።

ጠበቀ። ላስቲኩን ከመስኮቱ ላይ ገነጠለው፣ ምን ይሠራለታል። ወደብ ላይ ጀልባዎች ይገባሉ፣ ሰዎች ውሻ ይዘው ይሄዳሉ፣ ስለ እሱ የሚያውቅ የለም። ዝሁር ሰገደ፣ ስንት ረከዓ እንደሰገደ ጠፍቶበት ደገመው። በሐረር ዐሥር ሰዓት ሲሆን ስልኩ ጮኸ።

«ስድስት ፍሬ ነበር የቀራት» አለች ፈርዶሳ፣ ሰላምታ ሳትሰጥ። «ሐኪሙ ስሙን ሲያይ ጭንቅላቱን ያዘ። የግፊቱን ኪኒን ጉልበት የሚያፈርሰውን መርፌ ሰጥተዋታል፣ ግሉኮሱንም ጨምረዋል። አሁን ዘጠና አራት ናት። ሁለት ሦስት ቀን ይፈጃል ብሏል፣ ግፊቷ ከተነሣ ኩላሊቷም ይመለሳል ብሏል፣ ኢንሻአላህ። ጋሽ ለገሠም መጥቶ ነበር። ዛሬ ባይደረስላት ኖሮ አላውቅም አለኝ።»

«አልሐምዱሊላህ» አለ፤ አነሰችበት፣ ደገማት። «ፈርዶሳ—»

«ቆይ» አለችው። «ይቅርታህን በኋላ ትላለህ። ሐኪሙ ሌላ የምትወስደው ነገር አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ስምንት ዓመት የለም ስል የኖርሁ ሰው ነኝ፣ አፌን ከፈትሁና ተውሁት። ምን አውቄ! ስለዚህ አንተን ልጠይቅህ። ለኔ እንዳትነግሪያት ያልካት ሌላ ነገር አለ?»

«መድኃኒት?»

«መድኃኒትም፣ ሌላም። ሁሉንም።»

ዐብዱሰመድ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። «አለ» አላት። እሷ ሙባረክን ባገባች ዓመት ለእናቱ ከተናገረው ጀመረላት።